መልበሻ ክፍል ውስጥ ማን ሳቀ?

አዲስ አበባ ስታዲየም ጥላ ፎቅ የተቀመጠውም፣ ሚስማር ተራ የቆመውም፣ ካታንጋ ሆኖ የሚጮኸውም የሚያየው 90 ደቂቃውን ነው። ተጫዋቹ ግን የሳምንቱን ቀሪ ሰዓት ከ25 ሰው ጋር በአውቶቡስ፣ በካምፕ፣ በሆቴልና በመልበሻ ክፍል ያሳልፋል። አንድን ልጅ ሰብሮ ከኳስ የሚያስወጣው ነገር በአብዛኛው የሚፈጸመው በዚያ ሰዓት ውስጥ ነው። ከስታዲየም እስከ ለገሃር ባሉት ቡና ቤቶች የሚወራው ግን «ልጁ አቋሙ ወረደ» የሚለው ብቻ ነው። ለምን ወረደ ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም የለም።

ይህን የምጽፈው ለአምበሉ፣ ለቡድን መሪው፣ ለረዳት አሰልጣኙና ለወጌሻው ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትናንት ከተስፋ ቡድን አድጎ ዛሬ ከነባሮቹ ጋር ልብስ ለሚቀይረው ልጅ ነው። ሥራው ካስተማረኝ ሁሉ አንዱን ላስቀድም፦ ጉልበተኛውን ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ነው የሚያየው። አንዱ ሲያዋርድ ሌላው ይስቃል። የሳቀው ሰው አምበል ከሆነ፣ አሰልጣኝ ከሆነ፣ ቡድን መሪ ከሆነ፣ ያ ሳቅ ፈቃድ ነው። ክፍሉ በሙሉ ፈቃዱን ሰምቷል፤ ከነገ ጀምሮ ሌሎቹም ይሞክራሉ።

ብዙዎቹ ክለቦቻችን ተጫዋቾቻቸውን በካምፕ ያኖራሉ። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ወዲህ ደግሞ ሊጉ ለቴሌቪዥን ስርጭት ሲባል በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ስለጀመረ፣ ቡድኖች አንዴ ጅማ አንዴ ባሕር ዳር፣ አንዴ ድሬዳዋ አንዴ ሐዋሳ እያሉ ለሳምንታት ሆቴል ውስጥ የከረሙበት ጊዜ ብዙ ነው። እንግሊዝ የሚጫወት ሰው ልምምድ ሲያልቅ መኪናውን አስነስቶ ቤቱ ይገባል። የእኛው ልጅ ካዋረደው ሰው ጋር ራት ይበላል፤ አንዳንዴም እዚያው ሰው ክፍል ያድራል። ከውጭ ተቀድቶ የመጣ የሥነ ምግባር ደንብ እዚህ የማይሠራው ለዚህ ነው። ስለ መልበሻ ክፍል ይናገራል፤ ስለ ሌሊቱ ግን አንድ መስመር የለውም።

ኳስ ያለ ፎገራ አይኖርም፤ ይኖራል የሚል መልበሻ ክፍል ገብቶ አያውቅም። ስለዚህ «ቀልድ ይከልከል» የሚል ደንብ አትጻፉ፤ በሁለተኛው ቀን ደንቡ ራሱ መቀለጃ ይሆናል። የሚሻለው ፎገራውን ከማዋረድ መለየት ነው። ልጁ መልሶ መፎገር ይችላል ወይ? አምበሉ እሱን «አንተ ገጠሬ» ሲለው እሱም አምበሉን በእኩል ቃል ቢመልስ ክፍሉ ይስቃል ወይስ ጸጥ ይላል? ጸጥ ካለ ነገሩ ፎገራ አልነበረም። ተራው ይዞራል ወይስ ሁልጊዜ የሚመጣው እሱ ላይ ነው? ሁለተኛው ፍንጭ የሚነካው ነገር ምንነት ነው። ኳስ ሳተ፣ ጫማው አስቀያሚ ነው፣ ጸጉሩን ተላጨ፣ ይህ ሁሉ ያልፋል። እናቱ፣ ብሔሩ፣ የመልኩ ጥቁረት፣ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ የሚሰባብረው ቃል፣ ያደገበት ድህነት ግን አያልፉም፤ ሊቀይራቸው አይችልምና። ቅጽል ስምንም በዚሁ መለካት ነው፤ ልጁ ራሱን በዚያ ስም ይጠራል? እናቱ ካምፕ ልትጠይቀው ብትመጣ በፊቷ ትጠሩታላችሁ?

አይን ላለው ሰው የሟሟቂያው መሐል ባልገባ፣ ማለትም ተጫዋቾች ክብ ሠርተው ሲቀባበሉ የሳተው መሐል ገብቶ ኳሷን የሚያሳድድበት ጨዋታ፣ ከማንኛውም ሪፖርት የበለጠ ይናገራል። አንድን ልጅ ማግለል የፈለጉ ሰዎች ኳሷን ለእሱ ጠንከር አድርገው፣ በማይመቸው እግሩ በኩል ይልኩለታል። ይስታል፤ መሐል ይገባል፤ በእግሩ መሐል ያሳልፉበታል፤ ሁሉም ያጨበጭባል። ረዳት አሰልጣኝ ከሆንክ ለሦስት ተከታታይ ቀናት 10 ደቂቃ ቆመህ መሐል የገባው ማን እንደሆነና ስንት ጊዜ እንደገባ ብቻ ቁጠር። ከስምንት ሰው አንዱ ሁልጊዜ ግማሹን ሰዓት መሐል ካለ ችግሩ የኳስ ቁጥጥሩ ላይሆን ይችላል። ሌሎቹ ምልክቶች ይበልጥ ዝም ያሉ ናቸው፦ ከሁሉም ቀድሞ ወይም ከሁሉም በኋላ ገላውን የሚታጠብ፣ አውቶቡስ ላይ ከሹፌሩ ኋላ የሚቀመጥ፣ ጤነኛ ጡንቻ ይዞ ወጌሻ ክፍል የሚያዘወትር። ወጌሻው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያውቃል፤ አልጋው ላይ የተኛ ሰው ያወራልና። ግን የሚጠይቀው አለቃ የለም።

ከሁሉም የሚከብደው ምልክት ማዕድ ላይ ነው። በዓለም ላይ በመልበሻ ክፍል ጉልበተኝነት ላይ ከተጻፉ ምርመራዎች በጣም ከታወቁት አንዱም የጀመረው እዚያው ነው። ነገሩ የሆነው በአሜሪካ ፉትቦል፣ በማያሚ ዶልፊንስ ክለብ ነው። ጆናታን ማርቲን የተባለው የመስመር ተጫዋች (ከፊት ተሰልፈው ለኳስ ወርዋሪያቸው መከታ ከሚሆኑት አንዱ) ኦክቶበር 28 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. በክለቡ ምግብ ቤት ትሪውን ይዞ ሊቀመጥ ሲል የመስመር ጓደኞቹ በአንድነት ተነስተው ሄዱ። ማርቲን በዚያው ቀን ክለቡን ጥሎ ወጣ። በሩቅ ለሚሰማው ተራ የልጆች ፌዝ ይመስላል። ከአንድ ትሪ ለሚበላ፣ ለሚጎራረስ ሰው ግን ከማዕድ መነሳት ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም። እኛ ጋ ተጫዋቹ እጁን ሲዘረጋ ሌሎቹ እጃቸውን ከሰበሰቡ፣ ያ ከስድብ ሁሉ በላይ የሆነ ስድብ ነው።

የአሜሪካው ፉትቦል ሊግ ቴድ ዌልስ የተባለ ጠበቃ ሾሞ አስመረመረ፤ 144 ገጽ ያለው ሪፖርት በፌብሩዋሪ 2014 እ.ኤ.አ. ወጣ። ሦስት የመስመር ተጫዋቾች፣ በተለይ ሪቺ ኢንኮግኒቶ፣ ማርቲንን፣ ሌላ አንድ ወጣት ተጫዋችንና አንድ ረዳት ወጌሻን በተደጋጋሚ ሲያዋርዱ እንደነበር አረጋገጠ። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ስድቦቹ ሳይሆኑ አሠራሩ ነው። ኢንኮግኒቶ ተደብቆ የሚሠራ ሰው አልነበረም፤ ጓደኞቹ ድምፅ ሰጥተው የተጫዋቾች አመራር ምክር ቤት ውስጥ አስገብተውታል። የመስመሩ አሰልጣኝ ደግሞ በሌላው ወጣት ላይ ይደረግ በነበረው ፌዝ ራሱ ተካፋይ ነበር። ዋናው አሰልጣኝ አያውቅም ነበር ተባለ። ይህ «አያውቅም ነበር» የሚለው ነፃ ያወጣዋል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ወሬ ወደ እሱ የሚደርስበትን መንገድ ያልሠራ አለቃ አለማወቁን ራሱ ነው የሠራው። ክለቡ በመጨረሻ የመስመር አሰልጣኙንና ዋና ወጌሻውን አሰናበተ። ሁለት ቋሚ ተጫዋቾቹንም በውድድር ዘመኑ መሐል አጥቶ ቀረ።

የማያሚ የመስመር ተጫዋቾች የቅጣት ደብተር ነበራቸው። ለአሰልጣኝ ወይም ለሌላ ሰው ያወራ፣ «ይሁዳ» የተባለ ተጫዋች ይቀጣ ነበር። ማርቲን ከሄደ በኋላ ኢንኮግኒቶ እሱን በመስበሩ በራሱ ላይ የ200 ዶላር ቅጣት በደብተሩ ጻፈ፤ ሊታገድ መሆኑን ሲያውቅም ሁለት ጓደኞቹን ደብተሩን እንዲያጠፉለት በስልክ መልእክት ለመናቸው። ከዚያ በፊት ማርቲን ላልሄደበት የላስ ቬጋስ ጉዞ 15 ሺህ ዶላር እንዲከፍል ተደርጎ ነበር።

ገንዘቡ ላይ ቆም እንበል፤ እኛ ጋ በር የሚከፈተው በዚሁ ነውና። የመጀመሪያ ፊርማውን ያገኘ ልጅ «ጋብዝ» ይባላል። ግብዣ የእኛ ባሕል ነው፤ ማንም አይቃወመውም። ችግሩ መጠኑን የሚወስነው ተጋባዡ ሲሆን፣ አንዴ ሳይሆን በየሳምንቱ ሲሆን፣ እምቢ ያለው «ቆንቋና» ተብሎ ኳስ ሲነፈገው ነው። ከዚያ «ብድር» ይመጣል፤ የማይመለስ። ከዚያ «ካርድ ሙላልኝ»፤ በየቀኑ። ለዚህ የሚሠራው መፍትሔ ቀላል ነው፦ ቡድኑ በዓመቱ መጀመሪያ አንድ የአዲስ ፈራሚዎች ግብዣ ያዘጋጅ። ሁሉም አዲሶች በአንድ ቀን፣ እኩል አዋጥተው፣ ቡድን መሪው ባለበት ይጋብዙ፤ ክለቡም ግማሹን ይሸፍን። ከዚያ ቀን በኋላ ጋብዝ ማለት ክልክል ነው ሲባል ማንም አይከፋም፤ ልማዱ ተከብሯልና። በተጫዋቾች መካከል ያለ ብድርን ግን ሙሉ በሙሉ መከልከሉ ይሻላል።

የቅጣት ደብተር ያላችሁ ደግሞ እንዲህ አድርጉት። የጥፋቶቹ ዝርዝርና መጠናቸው ከውድድር ዘመኑ በፊት ይወሰንና ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ከተለጠፈው ውጭ ቅጣት የለም። ደብተሩ አምስት ዓምድ ይኑረው፦ ቀን፣ ስም፣ ጥፋት፣ መጠን፣ የተቀጪው ፊርማ። የሚቀጣውና ገንዘቡን የሚይዘው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ማርፈድ፣ ትጥቅ መርሳት፣ ምግብ ላይ ስልክ መነካካት ይቀጡ፤ የሰው ጠባይ፣ አነጋገርና መልክ ግን አይቀጡም፤ «አወራ» ተብሎ መቅጣትም አይኖርም። የአንድ ሰው የወር ቅጣት ጣሪያ ይኑረው፤ እኔ ከወር ደሞዙ ሃምሳኛ በላይ እንዳይሆን እመክራለሁ። ቡድን መሪው በየወሩ መጨረሻ ደብተሩን ይይ፤ ሲያይ ድምሩን አይደለም የሚያየው፤ ስሞቹን ነው። 25 ሰው ባለበት ቡድን የአንድ ሰው ስም የገጹን ሲሶ ከያዘ፣ ያ ልጅ ወይ ሰነፍ ነው ወይ እየታደነ ነው። ሁለቱም አለቃ ሊያውቃቸው ይገባል።

አዲሱ ልጅ ኳስ መሸከሙ፣ ኮን መሰብሰቡ፣ ውሃ ማቀበሉስ? ይህ ነውር የለውም፤ ሁሉም አዲስ ሲሆን፣ ማብቂያ ቀን ሲኖረውና ለቡድኑ ሲሆን። የነባር ተጫዋች ጫማ ማጠብ፣ ልብሱን ማስጣት፣ ሌሊት ተቀስቅሶ ሱቅ መላክ ለአንድ ሰው የሚሠራ ሥራ ነው። እዚህ ላይ መስመሩን ያላሰመረ ቡድን በኋላ ለማስመር ይቸገራል።

ወደ አምበሉ ልምጣ። የአምበል ትልቁ ሥልጣን ስብሰባ ላይ የሚናገረው አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰከንዶች ናቸው። አንድ ነገር ተባለ፤ ሁሉም ሳይስቅ በፊት ወደ አንተ ያያል። ያኔ ንግግር አያስፈልግም። ፊትህን ሳትቀይር «ይቺ ይብቃ፣ ወንድሜ» ብለህ ጫማህን ማሰርህን ቀጥል። ስብከት ከጨመርክበት ልጁን ለሁለተኛ ጊዜ መነጋገሪያ ታደርገዋለህ። ከልምምድ በኋላ ተናጋሪውን ለብቻው ይዘህ ምን እንዳለና ለምን እንደማይደገም በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገረው። ለልጁም ብቻውን «ሰምቻለሁ፤ አልወደድኩትም፤ ከተደገመ ንገረኝ» በለው። ከዚያ በሚቀጥለው ምሳ አጠገቡ ተቀመጥ። ይህ መጨረሻው ከሁሉም በላይ ይሠራል። ከተደገመ ግን ጉዳዩ የአምበል መሆኑ አብቅቷል፤ በዚያው ቀን ወደ ቡድን መሪው ይሂድ። ብዙ ጥሩ አምበሎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ «እኔ በራሴ ላስተካክለው» እያሉ ወር ይቆያሉ።

የተጫዋቾችን አመራር ቡድን ስትመርጡ የማያሚን ነገር አስታውሱ፤ ተወዳጅነትና ጨዋነት አንድ አይደሉም። አምስት ሰው ይበቃል። ሁለቱ በምስጢር ድምፅ፣ አንዱ በአሰልጣኙ ይመረጡ፤ አንዱ ከ21 ዓመት በታች ካሉት፣ አንዱ ደግሞ በዚያ ዓመት ከፈረሙት ይሁን። የሥልጣን ዘመናቸው ግማሽ የውድድር ዘመን ይሁን። በአንዱ ላይ አቤቱታ ከቀረበ ጉዳዩ እስኪያልቅ ከቦታው ገለል ይላል። ይህ ፍርድ እንዳልሆነም ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይታወቅ፤ ያለዚያ ስሙን አጠፉት ተብሎ ሌላ ጠብ ይነሳል።

አሁን ልጁን ላናግር። ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ደብተር ግዛ። ስልክ ላይ አትጻፈው፤ ስልክህን ሌላ ሰው ያነሳዋል። በየጊዜው አምስት ነገር ጻፍ፦ መቼ፣ የት፣ ማን፣ ቃል በቃል ምን አለ፣ ሌላ ማን እዚያ ነበር። «ሰደበኝ» ብለህ አትጻፍ፤ ስድቡን ራሱን ጻፈው፣ ቢያሳፍርም። ቀኑን በእኛም በፈረንጅም አቆጣጠር አድርገው፤ ሰዓቱንም «ማታ 3 ሰዓት» ብለህ ማታ ወይም ጠዋት የሚለውን አትርሳ። ጉዳዩ አንድ ቀን ወደ ፊፋ ወይም ወደ ውጭ ክለብ ጠበቃ ከሄደ ቀንና ሰዓት የተምታታበት ማስታወሻ ያሳጣሃል። በዚያው ቀን ጻፍ፤ የሳምንቱን እሑድ ላይ ሰብስቦ መጻፍ ይጎዳል።

በቴሌግራም የሚመጣውን ደግሞ ጠንቀቅ ብለህ ያዝ። የላከው ሰው ከአንተም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል። ወዲያው ወደ ራስህ «ሴቭድ ሜሴጅስ» አስተላልፈው፤ ዋናው ቢጠፋም ያ ይቀራል። የስክሪን ፎቶ ስታነሳ የላኪው ስምና ቀኑ አብረው ይታዩ። ከካምፕ ውጭ ላለ ለምታምነው አንድ ሰው፣ ለታላቅ እህትህ ወይም ለአጎትህ፣ ቅጂውን ስጥ።

አብረህ ስለሳቅክ መብትህ አልቀረም። ማርቲንና ኢንኮግኒቶ ከ1000 በላይ የስልክ መልእክት ተለዋውጠዋል፤ ብዙዎቹ የጓደኛ ወሬ ይመስላሉ። መርማሪዎቹ ያንን አይተውም ተጎጂነቱን አልካዱም፤ የተዋረደ ሰው ብዙ ጊዜ ከሚያዋርደው ጋር ለመወዳጀት ይሞክራልና። አንተም «ችግር የለም ብሮ» ያልክበት መልእክት ካለ አትደንግጥ፤ አትደምስሰውም። ከደመሰስከው የቀረውም ማስረጃህ ይጠረጠራል።

ስትናገር አጭር አድርገህ፣ ለብቻህ፣ በሥራ ሰዓት ተናገር። «ጋሼ፣ የምነግርዎ ነገር አለኝ። ካለፈው ወር ጀምሮ እንዲህ እየተደረገብኝ ነው። ጽፌዋለሁ። ክፍል እንዲቀየርልኝና እንዲጣራ እፈልጋለሁ።» የምትፈልገውን ነገር መናገርህ ወሳኝ ነው፤ ያለዚያ ሰሚው «አይዞህ» ብሎ ይሸኝሃል። በሦስት ቀን ውስጥ ምንም ካልተደረገ በጽሑፍ ለክለቡ ሥራ አስኪያጅ አቅርብ። ደብዳቤህ መዝገብ ቤት ይግባ፤ ቁጥርና ማኅተም በግልባጭህ ላይ ይደረግልህ። በአገራችን ቁጥር የሌለው አቤቱታ አልቀረበም ይባላል። ቀጣዩ የክለቡ ቦርድ፣ ከዚያም የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ነው። ተናደህ ሻንጣህን ይዘህ ከካምፕ አትውጣ፤ በማግሥቱ አንተ «ካምፕ ጥሎ የጠፋ» ትሆናለህ፤ ነገሩም ስለ አንተ ዲሲፕሊን ይሆናል። መውጣት ካለብህ ምክንያቱን የጻፍክበት ደብዳቤ ቀድሞህ ይግባ። ለስፖርት ጋዜጠኛ መንገርም ፈተና ነው፤ ኤፍኤም ላይ ከወጣ በኋላ ምስክሮችህ አፋቸውን ይይዛሉ።

ቡድን መሪው አቤቱታ ሲደርሰው በመጀመሪያው ቀን አንድ ሥራ ብቻ አለው፦ ሁለቱን መለየት። የሚዛወረው የተከሰሰው ነው፤ አቤት ያለው ከክፍሉ አይነሳም። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ተቃራኒው ነው፤ «ለራሱ ሰላም» ተብሎ ልጁ ወደ ተስፋ ቡድን ካምፕ ይላካል፤ ሌሎቹም ትምህርቱን ይማራሉ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ቃል ይቀበል። ከኮከቦቹ አትጀምር። ትጥቅ ከሚያጥበው፣ ከካምፕ ምግብ አብሳይዋ፣ ከሹፌሩ፣ ከዘበኛው ጀምር። እነሱ ማን ከማን ጋር መብላት እንዳቆመ፣ ማን ሌሊት ውጭ ቆሞ እንደሚያድር ያውቃሉ፤ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። እያንዳንዱን ለብቻ፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ጠይቅ፤ አንድ ሰው ይጻፍ፤ ተናጋሪው አንብቦ ይፈርም። አማርኛ በደንብ የማይናገር ካለ በቋንቋው ይናገር፤ አስተርጓሚው ግን ከዚያው ቡድን አይሁን። በ10 ቀን ውስጥ ውሳኔ ይሰጥ። ከዚያ ካለፈ መልበሻ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል።

አሁን ስለ ዕርቅ። ከችግሮቹ ሁሉ እኛ ጋ በብዛት የሚፈጸመው ይህ ነው፦ አቤቱታው በቀረበ በሰዓቱ ሁለቱን መሐል አቁሞ «ተቃቀፉ፣ ይቅር ተባባሉ» ማለት። ሁሉም ያጨበጭባል፤ ማታ ክፍል ውስጥ ልጁ ዕጥፍ ይከፍላል። ይህን ሽምግልና ብለው የሚጠሩ ሰዎች ሽምግልናን ራሱን ይበድላሉ። የአባቶች ሽምግልና መጀመሪያ ነገሩን አንድ በአንድ ይሰማል፤ በዳይ «በድያለሁ» ይላል፤ ካሳው ይቆረጣል፤ ዋስ ይጠራል፤ ዕርቁ መጨረሻ ላይ ይመጣል። እንግዲያው ዕርቅ ይሁን፤ ከማጣራቱና ከቅጣቱ በኋላ፣ ተበዳዩ ከፈለገ፣ ዋስ ሆኖም አምበሉ ይቁም። ዋስ የሆነ አምበል በሚቀጥለው ጊዜ አይስቅም።

«ጎል አግቢያችን ነው» የሚለው ደግሞ ሁለተኛው ወጥመድ ነው። ቦርዱ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ የሚለው እዚህ ላይ ነው። ቅጣቱ ከጥፋቱ በፊት ተጽፎ ካልተቀመጠ ለኮከቡ ሁልጊዜ ይቀንሳል። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥፋት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የደሞዝ ቅጣት፣ ሁለተኛው ከሁለት ጨዋታ ውጭ መሆን፣ ብሔርን ወይም የቆዳ ቀለምን የሚነካ ከሆነ ወዲያው ወደ ፌዴሬሽኑ እንደሚላክ በውሉ አባሪ ላይ ይጻፍ። የፊፋ የዲሲፕሊን ሕግ እንዲህ ላለው አድልዎ ቢያንስ 10 ጨዋታ ነው የሚያስቀጣው፤ የክለብ ደንብ ከዚያ ቢያንስ ያስቃል። አምበሉ ወይም ረዳት አሰልጣኙ አይቶ ዝም ካለ ለእሱም የተጻፈ ቅጣት ይኑር። ይህች አንቀጽ ስትቀርብ ቢሮው ሁሉ ይጨቃጨቃል፤ ሌሎቹን አንቀጾች የምታሠራው ግን እሷ ናት።

አዋራጁ አሰልጣኙ ራሱ ሲሆን መንገዱ ይቀየራል። እንግሊዝ ውስጥ የክሮውሊ ታውን አሰልጣኝ የነበረው ጆን የምስ በተጫዋቾቹ ላይ በተናገራቸው የዘረኝነት ቃላት በጃንዋሪ 2023 እ.ኤ.አ. 18 ወር ታገደ። ኮሚሽኑ «አውቆ ዘረኛ አይደለም» ማለቱ ብዙ ሰው አስቆጣ፤ ፌዴሬሽኑ ይግባኝ ብሎ እገዳውን ሦስት ዓመት አደረሰው። እኛም ይህን ቃል እናውቀዋለን፦ «ልቡ ንጹሕ ነው፤ አፉ ነው እንጂ»። ልጁ የሚሰማው አፉን ነው። ያን ጉዳይ ወደፊት የገፋው ግን ተጫዋቾቹ ብዙ ሆነው አንድ ላይ መሄዳቸው ነው። በአሰልጣኝ ላይ ብቻህን አትሂድ፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ የየራሳችሁን ማስታወሻ ይዛችሁ፣ በቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ወይም ወደ ቦርዱ ሂዱ። ቃላችሁን አስቀድማችሁ አታመሳስሉ፤ ሦስት አንድ ዓይነት ደብዳቤ የተጠና ይመስላል።

ሕጉ የሚሰጥህን በአጭሩ። የፊፋ የተጫዋቾች ደረጃና ዝውውር ደንብ አንቀጽ 14 ተጫዋቹን ውሉን እንዲያቋርጥ ወይም እንዲቀይር ለማስገደድ የሚደረግ በደል ራሱ በቂ የማቋረጫ ምክንያት ነው ይላል። ብቻውን እንዲለማመድ የተደረገ፣ ትጥቅ የተነፈገ፣ «ልቀቅ» እየተባለ የተዋረደ ተጫዋች ይህን አንቀጽ ይያዝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 32 ደግሞ አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር የሚነካ ድርጊት ከፈጸመ ያለ ማስጠንቀቂያ ውል ማቋረጥን ይፈቅዳል፤ ጊዜው ግን አጭር ነው፣ 15 የሥራ ቀናት። ስድብና ስም ማጥፋት በግል አቤቱታ የሚያስከስሱ ወንጀሎች ናቸው፤ አቤቱታውም በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሰዎች መብታቸውን የሚያጡት ብዙ ጊዜ ቀን ስላለፈባቸው ነው። ውልህን ከመፈረምህ በፊት አንድ ቅጂ ጠይቅ፤ ቅጂ የሌለው ተጫዋች ጠበቃ ዘንድ ሄዶ የሚያሳየው የለውም።

በሴቶች ቡድን ውስጥ ጾታዊ ትንኮሳ ከሆነ ከላይ ስለ ዕርቅ ያልኩት ሁሉ ይቀራል። ሽምግልና የለም፤ የቡድን ውስጥ ማጣራት የለም፤ አሰልጣኙ በዚያው ሰዓት ከሜዳ ይርቃል፤ ጉዳዩ ወደ ፖሊስና ወደ ፌዴሬሽን ይሄዳል። በኦክቶበር 2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የሴቶች ሊግ ምርመራ እንዳሳየው፣ ክለቦች ጥፋተኛ አሰልጣኝን በዝምታ ሲሸኙ ሌላ ክለብ ይቀጥረው ነበር። ስለዚህ የስንብት ደብዳቤው ላይ «በስምምነት» ብላችሁ አትጻፉ።

ቅጣቱ ከተሰጠ በኋላ ሁሉም ሰው ጉዳዩን መርሳት ይፈልጋል። ቡድን መሪው ግን ሦስት ቀን መዝገቡ ላይ ምልክት ያድርግ፦ ከሁለት ሳምንት፣ ከስድስት ሳምንትና ከሦስት ወር በኋላ። በየጊዜው ልጁን ለብቻው ያግኘው። የክፍል ድልድሉን ራሱ ያውጣ፤ ተጫዋቾች እርስ በርስ እንዳይመራረጡ በየጉዞው ይቀይረው፤ ዝርዝሩንም አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት ይለጥፈው። የቅጣት ደብተሩን ይመልከት፤ የልጁ ስም እንደገና በዝቶ ከሆነ ብቀላው በሌላ በር ገብቷል። ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ ሳይነገር ይግባና ትሪው ዙሪያ ያሉትን እጆች ይይ። ልጁ አሁንም ከዳር ብቻውን በሳህን የሚበላ ከሆነ መዝገቡን አይዝጋው።